ከማርዳ በር እስከ ሐርተሼክ፤ በሶማሌ አገር ሰሜናዊ ክፍል ለጎብኚ ሊታዩ የሚገባቸው ሥፍራዎች

ስለ አገር ጉብኝት በተነሣ ቍጥር ወደ ሰው አሳብ አስቀድሞ የሚመጣው የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር ግንብ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስትን ሥራ በአገራችን ሲያቋቍሙና ኢትዮጵያን «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» በሚለው ቃል ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ሥዕሉ በየአገሩ የተበተነው በአብዛኛው የእነዚህ ታላላቅ ሥፍራዎች ነበር። ወደ ምሥራቅ የሚመጣው እንግዳም ሐረር ላይ ይቆማል። የጀጎልን ግንብ ይዞራል፤ ማታ ጅብ ሲቀለብ ያያል፤ በማግስቱም ወደ ድሬዳዋ ይመለሳል። ከሐረር ወዲያ ስላለው አገር የተጠየቀ እንደ ሆነ «እዚያማ ሜዳ ነው፤ ምን የሚታይ አለ?» ብሎ ይመልሳል።

እኛ የዚህ ሜዳ ልጆች ነን። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለሚታተመው መጽሔት የታሪክ ክበባችን አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ ከመካከላችን ስለ ላሊበላ እንጻፍ ያሉ ነበሩ። ስለ ላሊበላ ግን ብዙ ሊቃውንት ከእኛ አብልጠው ጽፈዋል። ስለዚህ አንድ እንግዳ ከሐረር ተነሥቶ እኛ እስካለንበት እስከ ሐርተሼክ ድረስ ቢመጣ፣ በመንገዱ ምን ምን ሊያይ እንደሚገባውና በሚያየውም ነገር ውስጥ ምን ታሪክ እንዳለ ለመጻፍ ተስማማን።

እንግዳው ጕዞውን ከመጀመሩ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ አገር አብዛኛው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከግመሉና ከከብቱ ጋር ዝናብን እየተከተለ የኖረ ስለ ሆነ፣ ቤቱን አፍርሶ በግመል ይጭናል እንጂ ግንብ አያቆምም። ታሪኩ የሚገኘው ሰው ወደደም ጠላም ሊያልፍበት ወይም ሊቆምበት ግድ በሚሆነው ሥፍራ ነው፤ ይኸውም በተራራ በር፣ በውሃ ጕድጓድ፣ በገበያና በመቃብር ዘንድ ነው። ይህን በልቡ የያዘ ጎብኚ ከሐረር እስከ እኛ ድረስ ዓይኑ ሥራ አይፈታም።

ከሐረር እስከ ጅጅጋ ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቅድሚያ የምትገኘው ባቢሌ በለውዟ የታወቀች ናት፤ ለውዝ ሳይገዛ የሚያልፋት መንገደኛ ጥቂት ነው። ከዚያ በስተ ደቡብ በ1962 ዓ.ም. የተከለለው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ አለ። ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የኤረርንና የጎቤሌን ሸለቆዎች ይዞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ላይ የተዘረጋ ነው። ዝሆኖቹ ውሃና ቅጠል እየፈለጉ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይዘዋወራሉ፤ ስለዚህ መሪ ሳይዝ በአንድ ቀን ዝሆን አይቼ እመለሳለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ቁልቋልና ቁጥቋጦ ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። የሰው መንደር እየሰፋ መሄዱና የዝሆን ጥርስ አዳኞች መኖራቸው ይህን መንጋ እጅግ እንደ ጎዳው የታወቀ ነው።

ከባቢሌ አልፎ የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። የውጭ አገር ሰዎች «የድንቅ ነገር ሸለቆ» ብለው ሰይመውታል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ትላልቅ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይታያሉ፤ አንዳንዱ የቤት ያህል የሚያህል ድንጋይ ሆኖ ሳለ በታናሽ ድንጋይ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ነፋስ ቢነካው የሚወድቅ ይመስላል። ሰው የካበው የሚመስለው ብዙ ነው። የጂኦግራፊ ትምህርት እንደሚያስረዳን ግን ድንጋዩ ግራኒት ሲሆን፣ በመሬት ውስጥ ሳለ በስንጥቁ የገባው ውሃ ለብዙ ሺህ ዘመናት ጠርዙን እየበላ አድበለበለው፤ ኋላም በዙሪያው የነበረውን አፈር ጐርፍ ጠርጎ በወሰደው ጊዜ ድንጋዩ ብቻውን ቀረ። እንግዲህ በዚህ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ያለውን የድንጋይ ጥበብ የሠራው ውሃ ነው ማለት ነው።

ከዳካታ በኋላ መንገዱ ወደ ካራማራ ተራራ ይወጣና በማርዳ በር ያልፋል። እንግዳው እዚህ ላይ ከመኪናው መውረድ አለበት። ወደ ኋላው ቢመለከት የሐረርጌ ደጋ ተራራና ሸለቆ ይታየዋል፤ ወደ ፊቱ ቢመለከት ደግሞ የጅጅጋ ሜዳ እንደ ባሕር ተዘርግቶ መጨረሻው ከሰማይ ጋር ይጋጠማል። ደጋና ቈላ፣ አራሽና ከብት አርቢ የሚገናኙት በዚህ በር ነው። ከባሕር ወደብ ወደ ሐረር፣ ወይም ከሞቃዲሾ ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ በዚህ በኩል መሄድ የፈለገ ጦር ሁሉ ከበሩ ፊት ይደርሳል። ስለዚህም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ጦር ሦስት ጊዜ መጥቶበታል።

የመጀመሪያው በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ነው። የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጅጅጋንና ደገሀቡርን ይዘው የደቡብ ምሥራቁን ግንባር መሩ፤ ዌሂብ ፓሻ የተባለው የቱርክ ጄኔራልም በኦጋዴን ምሽግ በማሠራት ይረዳቸው ነበር። የግራዚያኒ ጦር በአይሮፕላንና በመርዝ ጭስ እየተረዳ ያን ምሽግ ከሰበረ በኋላ በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ ጅጅጋን፣ ሚያዝያ 30 ቀን ሐረርን ያዘ። ሁለተኛው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ከሞቃዲሾ በኩል የተነሣው የእንግሊዝ ጦር፣ በተለይም የናይጄሪያ ወታደሮች የነበሩበት ብርጌድ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ17 ቀን ገስግሦ መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅጅጋ ገባ። ኢጣልያኖች ከማርዳ በር ላይ ሆነው ጠበቁት። መጋቢት 12 ቀን ናይጄሪያውያን ተራራውን ወደ ላይ እየወጡ ቀኑን ሙሉ ተዋጉ፤ በዚያችም ሌሊት ኢጣልያኖች በሩን ለቀው ሸሹ። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በባዕድ አገር ተራራ ላይ ስለ ወደቁት ስለ እነዚህ አፍሪካውያን ወታደሮች በክፍል ውስጥ ብዙ ሲወራ አንሰማም፤ ለዚህ ነው ረዘም አድርገን የጻፍነው።

ሦስተኛውን ወላጆቻችን ያስታውሱታል። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተነሣው ጦርነት፣ የሶማሊያ ጦር በመስከረም ወር 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋን ይዞ የማርዳን በር ተቈጣጠረ። ከስድስት ወር ያህል በኋላ ከኩባ ወታደሮች ጋር የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር ፊት ለፊት በበሩ መግባቱን ትቶ ተራራውን በሰሜን በኩል ዞረ፤ ከፊሉም ጦር በሄሊኮፕተር ከተራራው ወዲያ እንዲወርድ ተደረገ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች፤ የካራማራ ድል በየዓመቱ የሚታሰበውም በዚሁ ቀን ነው። በዚያ ጦርነት ከሁለቱም ወገን የሞተው ብዙ ነው። በመካከል የተገኘው የአገሩ ሕዝብ ደግሞ በብዙ መቶ ሺህ እየተቈጠረ ቤቱን ጥሎ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። አንባቢያችን ይህን ስደት በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለንና።

ከበሩ ወርደን ጅጅጋ እንገባለን። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ስለ ሆነ ነፋሷ ቀዝቃዛ ነው፤ ቈላ ነው ብሎ ያለ ኮት የመጣ እንግዳ ማታ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ የክልሉ ዋና ከተማ ሆና ፎቆቿና ሰፋፊ መንገዶቿ ስለ በዙ፣ ጥንተ ነገሯ ምን እንደ ነበር ለማወቅ ወደ መጻሕፍት መሄድ ያስፈልጋል። ባርከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1834 ዓ.ም. ገደማ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄዱት ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባቸውን ሥፍራዎች ሲዘረዝር ጅጅጋን ከእነርሱ አንዷ አድርጎ ጠርቷታል። ስዌይን የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1885 ዓ.ም. በየካቲት ወር ሲያልፍ፣ በውሃ ጕድጓዶች አጠገብ በእንጨት የታጠረ አንድ ምሽግና በውስጡ 25 ወታደሮች እንዳገኘ ጽፏል። እንግዲህ አሁን የምናያት ታላቅ ከተማ በዚያን ጊዜ ጥቂት ጕድጓዶችና 25 ሰዎች ነበረች። ምሽጉ ከጕድጓዱ አጠገብ መሠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደረቅ አገር ውሃውን የያዘ ሰው መንገዱንም ይይዛልና።

በ1892 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የሰይድ መሐመድ ዐብዱላ ሐሰን ደርቪሾች ይህን የጅጅጋን ምሽግ በብዙ ኀይል አጠቁ። የጠቡ ምክንያት የተዘረፈ ከብት ነበር። በእሾህ አጥር ውስጥ የነበሩት ወታደሮች በጠመንጃ ስለ ተከላከሉ ከአጥቂዎቹ ወገን ብዙ ሰው አለቀ። ሰይዱ በሶማሌ ቋንቋ ከተነሡት ባለቅኔዎች እጅግ የታወቁ ሲሆኑ፣ ከእንግሊዞች፣ ከኢጣልያኖችና ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ለሃያ ዓመት ያህል የተዋጉ ሰው ናቸው።

ከተማዪቱ ዛሬ ያላትን ቅርጽ ያገኘችው በኋላ ነው። በሩሲያ አገር የጦር ትምህርት የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅጅጋ ገዥ በነበሩ ጊዜ፣ በ1909 ዓ.ም. ገደማ፣ መንገዶቿን ቀጥ ባለ መስመር አስምረው ከተማዪቱን በፕላን እንዳቋቋሙ በሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። እኒህ ሰው «ፋቡላ» የተባለውን ቴአትር የደረሱ፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። የቀድሞውን ሰፈር ጎዳና የሚረግጥ ጎብኚ መንገዶቹ እንደ ሒሳብ ደብተር መስመር የተቋረጡበት ምክንያት ይህ መሆኑን ያስታውስ።

ከተክለ ሐዋርያት በፊት በዚህ ሜዳ ከነበሩት መሪዎች ስሙ ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ አፍ የቀረው ጋራድ ፋራሕ ጋራድ ሒርሲ፣ በቅጽል ስሙ ዊልዋል ነው። የጅጅጋ አይሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። ስለ እርሱ ከሚነገሩት ብዙ ተረቶች አንዱን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ዊልዋል ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «እያንዳንዱ ሰው በግ አርዶ፣ ሰውን አንድ የሚያደርገውን ወይም የሚለያየውን ብልት ያምጣልኝ» አለ። ባለጠጎቹ ጐድኑን፣ ጕበቱንና ላቱን ይዘው መጡ። አንድ ድሀ ግን የልጁን ምክር ሰምቶ የበጉን ጕሮሮ ብቻ አመጣ፤ ሰውም ሁሉ ሳቀበት። ዊልዋል ግን ጕሮሮውን ባየ ጊዜ ይህን የመከረህ ማን ነው ብሎ ጠየቀው፤ ልጅቱንም አስጠርቶ ስለ ጥበቧ አከበራት። ጕሮሮ ብቻውን ለመዋጥ የከጀለ እንደ ሆነ ሰውን ያጣላል፤ ለሌላው ያስተረፈ እንደ ሆነ ያፋቅራል ማለቷ ነው። ጎብኚው ይህን ተረት በጅጅጋ ሻይ ቤት ከፍተኛ ዕድሜ ያለውን ሰው ቢጠይቅ ከእኛ ይልቅ አሣምሮ ይነግረዋል። የግመል ወተት የሚሸጡትን ሴቶች ረድፍና የከብቱን ገበያም ሳያይ ከጅጅጋ አይውጣ።

ከዚህ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሲቲ ዞን በኩል ሊታዩ የሚገባቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። ከጅቡቲ የተነሣው የጥንቱ የባቡር ሐዲድ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰበት መስመር እዚያ ነው፤ በኤረር ከተማም ፍል ውሃ አለ። ይህን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ስለ ባቡሩ የድሬዳዋ ተማሪዎች ከእኛ የበለጠ ሊጽፉ ይችላሉና።

ከጅጅጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው እንግዳ አውበሬን ያገኛል፤ ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል ነበር። ስሟን ያገኘችው በዚያ ከተቀበሩት ከሼክ አውበሬ ነው፤ መቃብራቸውም የሚዘየር ሥፍራ ነው። በድንበሩ ግራና ቀኝ ባለው በዚህ አገር በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የእስላም ከተሞች ፍርስራሽ በብዙ ቦታ ይገኛል። ከድንበሩ ማዶ ያሉት አሙድና አባሳ በይበልጥ የታወቁ ናቸው። ኩርል የተባለው እንግሊዛዊ ሹም እነዚህን ፍርስራሾች በ1920ዎቹ ዓ.ም. ሲመረምር ከቻይና የመጣ የሸክላ ስብርባሪና የግብፅ ሱልጣኖች ገንዘብ አግኝቷል። ከቻይና የተነሣ ሳህን በመርከብ ዘይላ ደርሶ፣ ከዚያም በግመል ተጭኖ እስከዚህ ሜዳ መጥቷል ማለት ነው። ሪቻርድ በርተን የዐረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ወደ ሐረር በሄደ ጊዜ፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1854 መጨረሻ፣ በእነዚሁ ፍርስራሾች አጠገብና በሜዳው ላይ አልፎ ነበር። በሐረር ዐሥር ቀን ተቀምጦ በደኅና ተመልሷል።

ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ ያለችው ቶጎጫሌ የድንበር ከተማ ናት። ከድንበሩ ማዶ ያለችው መንትያዋ ወጃሌ ትባላለች። ራስ መኰንንና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ በ1889 ዓ.ም. በሐረር ላይ የተስማሙበት የወሰን መስመር ነው እነዚህን የለያቸው። በካርታ ላይ መስመሩ ግልጽ ነው። ለግመሉ ግን ሣሩ ከሁለቱም ወገን አንድ ስለ ሆነ፣ ውሉ ራሱ በሁለቱም ወገን ያሉት ከብት አርቢዎች ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩ እንዲያሰማሩ ፈቅዶ ነበር።

አሁን ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንመለስና በቀብሪ በያሕ በኩል ወደ ቤታችን እንሂድ። ከጅጅጋ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ሐርተሼክ እንደርሳለን። ከቀብሪ በያሕ በኋላ ያለው አገር ሐውድ ይባላል። ሣሩ መልካም፣ አፈሩ ቀይ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ወንዝ ግን የለውም፤ ምንጭም የለውም። ከጥንት ጀምሮ ሕዝቡ ወደ ሐውድ የሚገባው ዝናብ በጣለ ጊዜ ነበር። በዝቅተኛው መሬት ላይ ኩሬ ሲቋጠር ሰውና ከብት ከዚያ ይጠጣል፤ ኩሬው ሲደርቅ ቤቱን በግመል ጭኖ ወደ ጕድጓዶቹ አገር ይመለሳል። በሶማሌ ቋንቋ ኩሬ «ሐሮ» ይባላል፤ «ሐርታ ሼክ» ማለትም የሼኩ ኩሬ ማለት ነው። የከተማችን ስም ይህ ነው። ሌላው ከተማ በንጉሥ ወይም በግንብ ይጠራል፤ እኛ የምንጠራው በኩሬ ነው።

ይህ ሐውድ ለፖለቲካም ምክንያት ሆኖ ነበር። ኢጣልያ ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች አገሩን በጦር አስተዳደር ያዙት፤ ኦጋዴንን በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመልሱ ሐውድንና በዙሪያው ያለውን አገር አስቀሩት። በኅዳር 1947 ዓ.ም. በሎንዶን በተፈረመው ውል መሠረት ሐውድ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በእንግሊዝ ሶማሌላንድ የነበሩት ጎሣዎች የግጦሻችን ነገር ምን ይሆናል ብለው እስከ ሎንዶንና እስከ ተባበሩት መንግሥታት ድረስ መልእክተኞች ልከው አቤት ብለዋል።

በዚያው ዘመን ገደማ በሐውድ አንድ አዲስ ነገር መታየት ጀመረ። ይኸውም «ቢርካ» ነው። ጎብኚው በእኛ አገር ሌላ ምንም ባያይ ቢርካ ሊያይ ይገባዋል። ቢርካ በመሬት ውስጥ ተቈፍሮ ግድግዳው በድንጋይና በስሚንቶ የተገነባ ባለ አራት ማዕዘን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ጐርፍ በቦይ ተመርቶ ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜም ፀሐይ እንዳያደርቀው በእንጨትና በእሾህ ይከደናል። ባለቤቱ በበጋ ውሃውን ለሰው ይሸጣል። በዚህ ምክንያት ቀድሞ በዝናብ ጊዜ ብቻ ሰው ይኖርበት የነበረው ሐውድ ዓመቱን ሙሉ መኖሪያ ሆነ፤ በቢርካዎቹ ዙሪያም መንደሮች ተቈረቈሩ። በሌላ በኩል ግን ሣሩ ዕረፍት አጣ፤ ሜዳውም እየታጠረ ሄደ። የዚህን ነገር ጥቅምና ጕዳት በክበባችን ብዙ ተከራክረንበት እስከ አሁን አልተስማማንም።

ቀጥሎ የምንጽፈው ለጽሑፋችን ዋና ነገር ነው። በግንቦት ወር 1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ በሲያድ ባሬ መንግሥትና በሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል ውጊያው በቡርዖና በሐርጌሳ ከተሞች ውስጥ ተነሣ። የመንግሥቱ አይሮፕላኖች ከሐርጌሳ አይሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ሐርጌሳን ደበደቡ። ሕዝቡ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ይዞ በእግሩ ወደዚህ ሸሸ። ለስደተኞቹ ከተቋቋሙት ሠፈሮች ታላቁ ሐርተሼክ ነበር። ብዛቱ ከፍ ባለ ጊዜ ከ250,000 ሰው በላይ ይኖርበት ነበር፤ በዓለም ከነበሩት የስደተኛ ሠፈሮች ሁሉ ትልቁ እስከ መባል ደርሷል። መጠኑን ለመገመት አንድ ነገር እናስተያይ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የጅጅጋ ከተማ ሕዝብ 125,876 ነበር። እንግዲህ በአንድ ኩሬ ስም በሚጠራ ሜዳ ላይ፣ ወንዝና ምንጭ በሌለበት፣ የዚያ እጥፍ የሚሆን ሕዝብ ሠፈረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሰው ምን ጠጣ? መልሱ ቦቴ መኪና ነው። ውሃው ከጅጅጋ በኩል ካሉት ጕድጓዶች እየተቀዳ በየቀኑ በቦቴ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን መኪናው ቢሰበር ወይም መንገዱ በጭቃ ቢዘጋ ነገሩ የሞትና የሕይወት ነበር። የአገሩም ሕዝብ ቢርካውንና ግጦሹን ከእንግዳው ጋር ተካፈለ። ቀድሞ እንድታስታውሱልን የለመንናችሁን ስደት የምናነሣው እዚህ ላይ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ከዚህ አገር ወደ ሶማሊያ የተሰደደው ሕዝብ ሳይመለስ፣ ከሶማሊያ የተሰደደው ወደዚህ መጣ። በ1983 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ደግሞ የኛዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም ጋር ሌላ ስደተኛ መጣ።

ሕዝብ በተሰበሰበበት ገበያ መቆሙ አይቀርም። ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢያን በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ሐርተሼክ» የሚለውን ስም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሳይቀር የሚያውቁት በዚህ ገበያ ነው። ቴፕ፣ ሬዲዮ፣ ጨርቅና ሽቶ ከባሕር ማዶ በበርበራ በኩል እየመጣ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይሸጥ ነበር። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የሐርተሼክ ሰው መሆናችንን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ ዕቃ ነው። ስለ ሩብ ሚሊዮኑ ሰው የጠየቀን ግን አላጋጠመንም።

ስደተኞቹ አገራቸው እየተረጋጋ ሲሄድ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየጊዜው ወደ ሐርጌሳና ወደ ሌሎች ከተሞች ተመለሱ፤ የሐርተሼክ ሠፈርም በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። መጠለያቸው ከቀጭን እንጨት የታጠፈ፣ በጨርቅና በላስቲክ የተሸፈነ ቡል ስለ ነበር በሁለት ክረምት ጠፋ። ዛሬ በሐርጌሳ ከተማ መካከል የዚያ ጦርነት መታሰቢያ ሆኖ የሚግ አይሮፕላን በምሰሶ ላይ ቆሟል፤ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ይህ ሕዝቡ የሸሸበት ሥፍራ ነው። ሕዝቡ ሸሽቶ የደረሰበትና ውሃ ያገኘበት ሥፍራ ግን የእኛ ሜዳ ነው። ስለዚህ ክበባችን ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወላጆች ጉባኤ አንድ አሳብ አቅርቧል። ሠፈሩ በነበረበት ሜዳ ላይ አንድ ድንጋይ ይቁም፤ በሶማሌኛና በአማርኛም «ከ1980 እስከ 1996 ዓ.ም.» የሚል ዓመትና የሰዎቹ ብዛት ይጻፍበት። ድንጋዩን እኛ እናመጣለን፤ ጸሐፊም ከመካከላችን አለ። የሚያስፈልገን ሥፍራውን በትክክል የሚያሳየን በዚያ ዘመን በሠፈሩ የሠራ ወይም የኖረ ሽማግሌ ነው። ይህን የምታነቡ ወላጆች ከቦታው ጋር ትውውቅ ካላችሁ ለታሪክ መምህራችን እንድትነግሩልን እንለምናለን።

ወደ እኛ ለመምጣት ያሰበ እንግዳ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ቢመጣ መልካም ነው። ዝናቡ ጥሎ ከሆነ ሜዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ኩሬዎቹ ይሞላሉ፤ ግመሎቹም ከሩቅ ይመጣሉ። መኪናው ግን በጭቃ እንዳይያዝ በማለዳ ከጅጅጋ ይነሣ። በበጋ የመጣ እንደ ሆነ ውሃ ይዞ ይምጣ፤ ካነሰውም አንዱን የቢርካ ባለቤት ይጠይቅ።